መዝገቡ የቱ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አንዱ ዜና «ምሥጢራዊ መዝገብ»፣ ሌላው «ምሥጢራዊ ሰነድ»፣ ሦስተኛው «ዶሴ» ይላል። አባቴ ለሁሉም «ፋይል» ነው የሚሉት። ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው። ሰነድ ነጠላ ጽሑፍ ነው፤ ውል፣ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ። ፋይል ስለ አንድ ጉዳይ የተጻፉ ሰነዶች በአንድነት የሚያዙበት ነው። ዶሴም ያው ፋይል ነው፤ ከፈረንሳይኛ የመጣና የቀድሞው ትውልድ ቃል መሆኑ ብቻ ይለየዋል። ማኅደር በጥንቱ አገባብ የብራና መጽሐፍ የሚከተትበት የቆዳ መያዣ ነበር፤ ዛሬ መሥሪያ ቤቶች ስለ አንድ ሠራተኛ ወይም ባለጉዳይ ለያዙት ፋይል ይሉታል።

መዝገብ ግን ከሁሉም ሰፊ ነው። በግእዝ ሀብት የሚከማችበት ስፍራ፣ ሀብቱም ራሱ መዝገብ ይባላል። በማቴዎስ ወንጌል 6፥21 «መዝገብህ ባለበት ልብህ ደግሞ በዚያ ይሆናልና» ሲል ስለ ወረቀት አይናገርም። መዝገበ ቃላትም የቃላት ግምጃ ቤት ማለት ነው። በቢሮ አማርኛ ቃሉ ሁለት ነገር ሆኗል፦ ተራ ቁጥር እየተሰጠ የሚሞላው ትልቅ ደብተር (ባሕር መዝገብ የሚባለው) እና በፍርድ ቤት የአንድ ክርክር ወረቀቶች በሙሉ።

ምሥጢርም እንዲሁ አንድ ፍቺ የለውም። ቤተ ክርስቲያን ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባን ስትል የተደበቀ ወረቀት ማለቷ አይደለም፤ የቅኔ መምህር «ምሥጢሩ ምንድን ነው?» ሲልም የሚጠይቀው የሐሳቡን ጥልቀት ነው። በቢሮ ቋንቋ ምሥጢር ማለት እንዲያየው ከተፈቀደለት ሰው በስተቀር ለሌላ የማይገለጥ ነው። ስለዚህ ጋዜጠኛው የወጣው አንድ ደብዳቤ ከሆነ «ሰነድ» ይበል፤ «መዝገብ» ካለ አንባቢው ሙሉውን የክስ ፋይል ያስባል።

ጥያቄ፦ የፍርድ ቤት ውሳኔዬ መጨረሻ ላይ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ይላል። ምሥጢር ሆነ ማለት ነው? ግልባጭ ማግኘትስ እችላለሁ?

መልስ፦ ምሥጢር አልሆነም፤ ግልባጩንም ያገኛሉ። ሐረጉ በዚያ ችሎት ፊት የቀረ ሥራ የለም ማለት ብቻ ነው። ያሸነፈም የተሸነፈም ፍርዱ በዚሁ ሐረግ ይዘጋል። ምሥጢርን የሚመለከተው ዝግ ችሎት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ክስ በግልጽ ችሎት እንዲሰማ አዝዞ፣ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገሪቱን ደህንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ በዝግ ችሎት እንዲሰማ ይፈቅዳል። የተዘጋ መዝገብና ዝግ ችሎት በስም ይቀራረቡ እንጂ አይገናኙም።

ግልባጭ ሲጠይቁ የመዝገቡን ቁጥር፣ የችሎቱን ስም፣ የከሳሽና የተከሳሽን ሙሉ ስም፣ ፍርድ የተሰጠበትን ቀን በማመልከቻው ላይ ያስፍሩ። ሲረከቡ ገጾቹን ቆጥረው ከዋናው ጋር ያመሳክሩ፤ «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚል ማረጋገጫና ማኅተም መኖሩንም ይዩ። ይህ የሌለው ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ስለሆነና የፍርዱ ግልባጭም አብሮ ስለሚያያዝ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያመልክቱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቁጥሩ ነው። ፍርዱ እንዲፈጸም ሲያመለክቱ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፤ የራሱ አዲስ ቁጥር አለው። በይግባኝም እንዲሁ። በአሮጌው ቁጥር ቀጠሮ የሚጠይቅ ሰው «ተዘግቷል» የሚል መልስ ይሰማና ጉዳዩ የጠፋ ይመስለዋል። ሁሉንም ቁጥሮች ከነፍርድ ቤታቸው በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ።

ጥያቄ፦ በአያቴ ወረቀቶች መካከል «የክብር መዝገብ ሹም» የሚል አየሁ። የተሸለሙ ሰዎች የሚጻፉበት መዝገብ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበትን መዝገብ የክብር መዝገብ፣ ያዡንም የክብር መዝገብ ሹም ብሎታል። ዛሬ የምንለው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ነው፤ አዋጁ ቁጥር 760/2004 ነው። አያትዎ ወረቀት ላይ ያለው ምናልባት የጋብቻ ወይም የልደት ጉዳይ ስለሆነ በጥንቃቄ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ አንድ መሥሪያ ቤት መረጃ ስጠይቅ «ምሥጢር ነው» ብሎ መለሰኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በቃል የተነገረ «ምሥጢር ነው» መልስ ሆኖ እንዳያበቃ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ የማይሰጡትንም እየለየ ይጠቅሳል፤ የሌላ ሰው የግል መረጃና የአገር ደህንነትን የሚመለከቱ ይገኙባቸዋል። ጥያቄዎን ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ማመልከቻውን የተቀበለበትን ቀን በቅጂዎ ላይ ያስጽፉ፤ መልስ የሚሰጥበት 30 ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ቅሬታ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊቀርብ ይችላል።

ሲጠይቁ «ፋይሉን በሙሉ» አይበሉ። «ጥብቅ ምሥጢር» የሚለው ማኅተም የሚያርፈው በሰነድ ላይ ነው፤ አንድ የታተመበት ደብዳቤ ከሃያ ተራ ደብዳቤዎች ጋር በአንድ ፋይል ሊቀመጥ ይችላል። ፋይሉን ከጠየቁ በአንዱ ምክንያት ሁሉም ሊከለከልብዎ ይችላል። የሰነዱን ዓይነት፣ ቀኑን፣ ካወቁትም የደብዳቤውን ቁጥር ይጥቀሱ።