«ፎርም ማስቀመጥ ብቻ ነው የምችለው» ላልሽኝ

ሦስት ወር ጃንጎ (በፓይተን ቋንቋ ድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ) ተምረሽ የቻልሽው ከፎርም የመጣ መረጃ ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ «ብቻ» እንደሆነ ጽፈሽልኛል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ተጠቃሚው ላክ የሚለውን ከተጫነ በኋላ ምን ይሆናል?» ሲሉሽ መልስ አጣሽ። አሁን ሁሉን ትተሽ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ልትዞሪ ነው።

«ብቻ» ያልሽው አናደደኝ። እኔ ሥራ የጀመርኩት የወረቀት ቅጽ ወደ ኮምፒውተር በመገልበጥ ነው፤ የዕድሜ ቦታ ላይ ስልክ ቁጥር የተጻፈበትን ቅጽ ስንቱን አየሁ!

ከፎርም የሚመጣ ነገር እንዳለ አይታመንም። «ኢዝ ቫሊድ» የሚለውን ማረጋገጫ ስትጠሪ ጃንጎ እያንዳንዱን መስክ ይመረምራል፤ ያለፈውን «ክሊንድ ዳታ» (የተጣራ መረጃ) ውስጥ ያኖራል። ሞዴል ፎርም (ከሞዴሉ፣ ማለትም ሠንጠረዡን ከሚገልጸው ኮድ፣ የሚሠራ ፎርም) ላይ «ሴቭ» ደግሞ ከዚያ ወስዶ የሞዴሉን ኦብጀክት፣ ማለትም አንድ መዝገብ፣ ይሠራና ሠንጠረዡ ውስጥ ያስገባል። የመዝገቡ ባለቤት ግን ከፎርሙ ሳይሆን በአካውንቱ ከገባው ተጠቃሚ መወሰድ አለበት። «ሴቭ» ላይ «ኮሚት ፎልስ» (ገና አታስቀምጥ) የምትዪው ለዚህ ነው፦ ኦብጀክቱን ሳያስቀምጥ ይሰጥሻል፣ ባለቤቱን ትሞያለሽ፣ ከዚያ ታስቀምጫለሽ። (ሜኒ ቱ ሜኒ፣ ማለትም ብዙ ነገር ከብዙ ነገር ጋር የሚያገናኝ፣ መስክ ካለ በመጨረሻ «ሴቭ ኤምቱኤም» ጥሪ፤ አለዚያ የተመረጡት ነገሮች ያለ ምንም ስህተት መልእክት ይቀራሉ።)

ቀላል ከመሰለሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ጊትሃብ (ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ አንድ ተጠቃሚ ኮድ ለመላክ የሚያስችል ቁልፍ በሚመዘገብበት ፎርም ላይ የሌላ አካውንት መለያ ቁጥር ጨምሮ ላከ። ሲስተሙ የመጣውን ሁሉ ወደ ሞዴሉ ስለሚያስገባ ቁልፉ በሬይልስ (ሌላ የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ) ፕሮጀክት ስም ተመዘገበለት፤ ኮዱንም መቀየር ቻለ። የሚፈቀዱትን መስኮች በስም ዘርዝሪ የሚባለው ለዚህ ነው። «ኦል» (ሁሉም መስኮች) ብለሽ አትለፊ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ የትም አይሄድም፤ ሸሽተሽ ግን አትግቢበት። ለሰርተፍኬት አትክፈዪ፤ የጃንጎ ሰነድ በነፃ ይነበባል። አባትሽ «በወር ውስጥ ደመወዝ ካላመጣሽ ወደ ሒሳብ ሥራ» ማለታቸው ልክ አይደለም፤ በወር ውስጥ ማንም ፕሮግራመር አይሆንም። ቤቱ በእርግጥ ከተቸገረ ግን ሒሳቡን ያዢና ማታ ማታ ኮድ ጻፊ።

ዛሬ ሞዴል ፎርምን ትተሽ በተራ ፎርም ሥሪው፤ እያንዳንዱን ዋጋ ራስሽ ከ«ክሊንድ ዳታ» አውጥተሽ ሞዴሉን ሙዪ። ከዚያ ወደ ሞዴል ፎርም ተመለሺና ያልዘረዘርሽውን መስክ በብራውዘሩ ጨምረሽ ላኪ። ሠንጠረዡ ውስጥ ያየሽውን ጻፊልኝ።