ጤፉ ንጹሕ ነው፤ ወፍጮውስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሲሊያክ ያለበት ሰው ስንዴ፣ ገብስ ወይም ራይ ሲበላ ግሉተን የተባለው ፕሮቲን የሰውነቱን መከላከያ ኃይል ይቀሰቅሰውና የገዛ ቀጭን አንጀቱን ያጠቃዋል። ሕክምናው ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው። በዚህ ወር ብዙ ደብዳቤ የደረሰን በዚሁ ጉዳይ ስለሆነ ዓምዱን በሙሉ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሲሊያክ እንዳለበት ከታወቀ አምስት ወር ሆነው። ዳቦ፣ ፓስታና ቢራ ትቷል። እንጀራው የጤፍ ብቻ ነው፤ ጤፉንም ራሴ ገዝቼ፣ ራሴ አበጥሬ ነው የማስፈጨው። ሆዱ ግን አሁንም ይነፋዋል፣ የደም ምርመራውም እንደተባለው አልወረደም። ጤፍ ግሉተን አለው እንዴ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጤፍ ሲሊያክ ያለበትን ሰው የሚጎዳ ግሉተን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2005 በኔዘርላንድስ የወጣ ጥናት 14 የጤፍ ዝርያዎችን መርምሮ ያንን ፕሮቲን በአንዱም አላገኘም። ነጭም ይሁን ሰርገኛ ወይም ቀይ ለውጥ የለውም። መጠየቅ ያለበት ጤፉ እስከ ምጣዱ ድረስ ከምን ጋር ሲነካካ መጣ የሚለው ነው። እኛ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ወፍጮውን፣ ቀጥሎ እርሾውን ነው።

ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነጻ» ለሚባል ምግብ የፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ግሉተን ነው። ስለዚህ 10 ኪሎ ጤፍ ቢያስፈጩ በጠቅላላው ከ200 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። የስንዴ ዱቄት ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉ ግሉተን ነውና ይህን ለመሙላት 2 ግራም ዱቄት ይበቃል፤ የሻይ ማንኪያ እንኳ ሞልቶ አይወጣውም። ከእርስዎ በፊት ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ፣ በድንጋዮቹ መካከልና ዱቄቱ በሚወርድበት ጨርቅ እጥፋት ውስጥ የሚቀረው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በማለዳ ቀድሞ መድረስም አያድንም፤ የትናንቱ ዱቄት እዚያው አድሯልና።

የሚሻለው ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ድንጋይ ያለው ወፍጮ ቤት መፈለግ ነው። ሲጠይቁ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን እህሉን የሚያስገባውን ሠራተኛ ይጠይቁ፤ ወረፋ ሲበዛ በየትኛው ድንጋይ ምን እንደሚገባ የሚያውቀው እሱ ነው። አስቀድሞ ሁለት ሦስት ኪሎ በቆሎ አስፈጭቶ ያንን ዱቄት ለሌላ መስጠት ቅሪቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። አቅም ካለ፣ ወይም ዘመድ ተባብሮ መግዛት ከቻለ፣ አነስተኛ የኤሌክትሪክ የቤት ወፍጮ ትልቁን ችግር ይፈታል። ሽሮና በርበሬም በዚሁ መንገድ መሄድ አለባቸው። ክኩን በትሪ ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ ይልቀሙት፤ በምስርና በአተር መካከል የገብስ ፍሬ አይጠፋም። የተፈጨ ሽሮ ከገበያ አይግዙ፣ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም።

ጤፉን ከመስጠትዎ በፊት ዱቄት ነክቶት በማያውቅ አዲስ ወንፊት ይንፉት። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስንዴና ገብሱ ከላይ ይቀራል። የተሰባበረው ግን ከጤፉ ጋር ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ከመንፋትዎ በፊትም ማበጠሩን አይተዉ።

እርሾው ድሮ በቅይጥ ሊጥ የተጀመረ ወይም ከጎረቤት የመጣ ከሆነ ይድፉት። የሚያቦኩበትን ዕቃም ይለውጡ፤ እንጨትና ሸክላ ዱቄት ይይዛሉ። አዲስ እርሾ ለማውጣት 250 ግራም ንጹሕ የጤፍ ዱቄት በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጠው ሸፍነው ሞቅ ያለ ቦታ ያኑሩት። በሦስት ወይም በአራት ቀን አረፋ ያወጣና ላዩ ላይ ቢጫ ውሃ ያቋርራል፤ እርሾው እሱ ነው። ከዚያ 2 ኪሎ ዱቄት በ3 ሊትር ከሩብ ያህል ውሃ ያቡኩበት። ሊጡ ሲቦካ ቢጫውን ውሃ ቀድተው ግማሹን ለቀጣዩ ያስቀምጡ። ከሊጡ አንድ አሥረኛ ያህል ወስደው በሦስት እጥፍ ውሃ አብሲት ጥለው ይመልሱበት፤ ኩፍ ሲል ይጋገራል። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑ ቢያንስ አይደንግጡ፣ እርሾው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሊጥ ይጠነክራል። ዓይን ለማብዛት ብለው ስንዴ እንዳይነኩ እንጂ።

የደም ምርመራው (አንቲቦዲው) ወደ ጤናማው ደረጃ ለመውረድ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። በአምስት ወር ሙሉ በሙሉ አለመውረዱ ብቻውን አያሳስብም፣ ጨርሶ አለመነቃነቁ ግን ያሳስባል። መነፋቱ ወተት ከጠጣ በኋላ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ወተቱን ለሁለት ወር ያቁመው። የተጎዳ አንጀት የወተትን ስኳር መፍጨት ያቅተዋል፤ ሲያገግም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ያደገችው በበሶ፣ በአጥሚትና በገብስ ገንፎ ነው። አሁን ቁርስ ምን ልስጣት? ትምህርት ቤት ስትሄድስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሦስቱም ይቀራሉ፤ ቂንጬ፣ ጭኮና ዳቦ ቆሎም እንዲሁ። አጃ ራሱ ለብዙዎቹ ሕመምተኞች ይስማማል፤ እኛ ገበያ ላይ ያለው ግን ከገብስና ከስንዴ ጋር ስለሚቀላቀል ይቅርባት። ወደፊት «ከግሉተን ነጻ» ተብሎ የታሸገ አጃ ብታገኙ ምርመራዋ ከተስተካከለ በኋላ ሐኪሟን አማክረው ይሞክሩ።

ገንፎው በቡላ ወይም በበቆሎ ይሁን፤ በቆሎው ሲፈጭ ከላይ ያልነው የወፍጮ ጣጣ ይመለከተዋል። ጨጨብሳ ለምትወድ ልጅ የጤፍ ቂጣ ጥሩ ነው። 2 ስኒ የጤፍ ዱቄት፣ ጨው፣ አንድ እንቁላልና 2 ስኒ ገደማ ውሃ በጥብጠው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፤ ዱቄቱ ውሃውን ካልጠጣ ቂጣው ይሻክራል። ምጣዱን ቅቤ ቀብተው በስሱ ያፍስሱና ይክደኑት። ላዩ ሳይደርቅ ከገለበጡት ይበጣጠሳል፤ የሚያያይዘው ግሉተን የለምና። ትኩሱን ቆራርሰው በቅቤና በበርበሬ ይለውሱ። ከዚህ ሌላ እንቁላል፣ ድንች፣ ሩዝና ቆጮ አሉ።

ትምህርት ቤት ላይ የሚያስቸግረው መለዋወጥ ነው። ልጆች ምሳቸውን ይካፈላሉ፣ ደስ የሚልም ነገር ነው፤ ስለዚህ ለእሷ ብቻ ከመከልከል ለመምህሯ ነግሮ ሌሎቹም የሚካፈሉትን ነገር ጨምሮ መላክ ይሻላል፤ የተጠበሰ ለውዝ ወይም ሙዝ ይሆናል። ልጆች ቅርጽ የሚሠሩበት ለስላሳ ሊጥም ብዙ ጊዜ ከስንዴ ይሠራልና ከተጫወተች በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠብ። ቁመትና ክብደቷን በየሦስት ወሩ ያስለኩ፤ ምግቡ እየሠራ መሆኑን ልጅ ላይ የሚያሳየው ዋናው ምልክት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከሱቅ የምገዛው እንጀራ ላይ «ጤፍ» ተብሎ ተጽፏል። ልመነው? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ «ጤፍ» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። እዚያ አገር በእንጀራ ውስጥ ገብስና ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት መቀላቀል የተለመደ ነው፤ ሰልፍ ራይዚንግ ማለት ቤኪንግ ፓውደር የተጨመረበት የስንዴ ዱቄት ነው። የአሜሪካ ሕግ ስንዴ ያለበት የታሸገ ምግብ በግልጽ እንዲጻፍበት ያስገድዳል፣ ገብስን ግን በዚያው መልክ አያስገድድም። ስለዚህ ስንዴ አለመጻፉን አይተው አይመለሱ፤ ባርሊ ወይም ሞልት የሚል እንዳለ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ያንብቡ። «ግሉተን ፍሪ» ከተባለ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ (ኤፍዲኤ) እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የ20 ሚሊ ግራም ገደብ ይመለከተዋል።

ስም በሌለው ላስቲክ የሚሸጠውን በተመለከተ፣ ጋጋሪዋን ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ሊጡ ውስጥ ከጤፍ ሌላ ምን ገባ፣ እርሾው ከየት ነው፣ በዚያው ምጣድ ላይ ሌላ እንጀራ ይጋገራል ወይ? ለሦስቱም ጥርት ያለ መልስ ካላገኙ አይግዙ። ቤት ለመጋገር ጤፍ ብቻውን አልዘረጋ ካለዎት እስከ ሩብ ድረስ የሩዝ ዱቄት መቀላቀል ይቻላል። ምግብ ቤት ሲገቡ ደግሞ ጥብሱ ላይ አኩሪ አተር ሶስ (ሶይ ሶስ) መግባቱን ይጠይቁ፤ አብዛኛው በስንዴ የተሠራ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ቆራቢ ነኝ። ኅብስቱ ከስንዴ ስለሆነ ምን ላድርግ? በዝክርስ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ስለ ቍርባኑ ውሳኔው የንስሐ አባትዎ ነው፤ በራስዎ ቀርተው ወይም ሳይናገሩ ቀርበው እንዳይጨነቁ። የሐኪም ማስረጃዎን ይዘው ከቅዳሴው ቀን አስቀድመው ያማክሯቸው። እኛ ከጤና በኩል መናገር የምንችለው ከስንዴ የሚዘጋጅ ነገር መጠኑ ቢያንስም ግሉተን እንደሚኖረው ነው።

በዝክር ላይ ዳቦውና ጠላው አይሆኑልዎትም፤ የጠላው ብቅል ገብስ ወይም ስንዴ ነው። በማር፣ በውሃና በጌሾ ብቻ የተጣለ ጠጅ ችግር የለውም። እንጀራዎን በአገልግል ይዘው ይሂዱና ወጡ ዳቦ የነካ እጅ ሳይገባበት፣ መጀመሪያ በተለየ ሳህን ይውጣልዎት። ጉርሻ ላቀረበልዎት ሰው «ሐኪም ከልክሎኝ ነው» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

ጥያቄ፦ እኔ ሲሊያክ አለብኝ። ወንድሜ ደግሞ ሆዱን ስለሚያመው ሳይመረመር ስንዴ ትቶ ተሽሎታል። ምርመራው አሁን ያስፈልገዋል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ያስፈልገዋል። ሲሊያክ ካለበት ሰው ወላጆች፣ ወንድም እህቶችና ልጆች ከአሥር አንዱ ገደማ ይኖርበታል። ግን ግሉተን ትቶ የተመረመረ ሰው ውጤቱ በሐሰት ጤናማ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ከአንድ ማዕድ በላይ ዳቦ ወይም ሌላ የስንዴ ምግብ መብላት አለበት። ሲሄድ ቲቲጂ-አይጂኤ የተባለውን የደም ምርመራ ከጠቅላላ አይጂኤ (ከአንቲቦዲ ዓይነቶች አንዱ) መጠን ጋር ይጠይቅ፤ አይጂኤ በተፈጥሮ የሚያንሰው ሰው በመጀመሪያው ብቻ ያመልጣል። አዋቂ ላይ ማረጋገጫው በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ከአንጀት የሚወሰድ ናሙና ነው። የሰገራ ምርመራም አይለፈው፤ ጃርዲያ ተመሳሳይ የሆድ መነፋትና ተቅማጥ ያመጣል፣ መድኃኒቱም የጥቂት ቀን ነው። የእርስዎ ልጆችም ሕመም ባይታይባቸውም ይመርመሩ፤ የማይለቅ ደም ማነስ ብቻውን የሲሊያክ ምልክት ሊሆን ይችላል።