በበጋ ወደ ጠባብ ገደል በገመድ ስለመውረድ ለቀረበው ጥያቄ

ወንድማችን ከደብረ ብርሃን ያቀረቡትን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። የውጭ አገር ሰዎች በዊንተር ወራት በበረሃ ጠባብ ገደሎች ውስጥ በገመድ ሲወርዱ በቪዲዮ አይተው፣ እርስዎም ከአራት ጓደኞችዎ ጋር ከገና በኋላ ወደ ጀማ ወንዝ ከሚወርዱት ሸለቆዎች በአንዱ ለመሞከር አስበዋል፤ ዝናብ በሌለበት ወቅት ምን ሊያሰጋን ይችላል ብለውም ጠይቀዋል። እኔ ላስ ቬጋስ በኖርኩባቸው 6 ዓመታት ከጓደኞቼ ጋር በደቡብ ዩታ ገደሎች ብዙ ጊዜ ወርጃለሁ፤ ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላም አራት በጋ በሰሜን ሸዋ ሸለቆዎች ውስጥ ስላሳለፍኩ፣ ያየሁትን ሳልቆጥብ እጽፋለሁ።

አስቀድሞ አንድ የቃል ጉዳይ ማጥራት ያስፈልጋል። መዝገበ ቃላት ዊንተርን «ክረምት» ብሎ ይፈታዋል። የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወቅት ስለሆነ፣ «ዊንተር ይመረጣል» የሚለውን የውጭ መመሪያ እንዳለ ተርጉሞ በሐምሌ ገደል የሚገባ ሰው ሕይወቱን አሳልፎ ይሰጣል። እነሱ የሚሉት ወቅት የሚገጥመው ከእኛ በጋ፣ በተለይም ከኅዳር እስከ ጥር ካለው የውርጭ ጊዜ ጋር ነው፤ ስለዚህ ወሩን በትክክል መርጠዋል። በዚያ በረሃም ቢሆን ደራሽ ውሃ የሚበዛው በዊንተር ሳይሆን በእነሱ የሙቀት ወራት ነው፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1997 በአሪዞናው አንቴሎፕ ካንየን 11 ሰዎች የሞቱት ርቆ በዘነበ ዝናብ በመጣ ጎርፍ ነበር። የእኛም ሸለቆ ውሃውን የሚቀበለው ከላይ ከደጋው ነው። በጥር ያለወቅቱ የሚጥል ዝናብ አለ፣ ከየካቲት ጀምሮም በልግ ይጠበቃል፤ ስለዚህ በዋዜማው በደጋው በኩል ደመና ከከበደ እኛ ጉዞውን እንተወዋለን፤ ከታች ያለው ሰማይ የጠራ መሆኑን እንደ ማስረጃ አንቆጥረውም።

ደራሽ ውሃ ከሌለ የሚቀረው ጠላት ብርድ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ እንዲያስቡበት የምለምንዎትም ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው «ጀማ ቆላ ነው፣ ከደብረ ብርሃን ውርጭ አምልጠን ወደ ሙቀት ነው የምንወርደው» ይላል። ለገላጣው ስፍራ ይህ እውነት ነው። ጠባቡ ገደል ውስጥ ግን ፀሐይ የምትገባው እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ አንዳንዱን ጥግ ጨርሶ አትነካውም። የደጋው ውርጭ ሲያቀዘቅዘው ያደረ ውሃ በዚያ ጥላ ሥር በየኩሬው ስለሚጠራቀም፣ አፋፉ ላይ ሹራብ የሚያስወልቅ ሙቀት እያለ ታች ያለው ውሃ አጥንት ድረስ ሰርስሮ ይገባል። ውሃ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት በዩታ በአንድ የጃንዋሪ ቀን ነው። ስስ በረዶ ያጋገረ፣ ደረት የሚደርስ ኩሬ ነበር፤ ርዝመቱ ከ15 እርምጃ አይበልጥም። ከመካከላችን አንዱ ጓደኛችን ኒዮፕሪን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ሙቀት የሚጠብቀውን የጎማ ልብስ፣ ሳይለብስ «ለዚህች ብቻ ነው» ብሎ ተሻገረ። ከኩሬው ማዶ 12 ሜትር ያህል በገመድ የሚወረድበት ገደል ነበር። ተራው ሲደርስ የካራቢነሩን (ገመድ የሚያያዝበትን የብረት ቀለበት) መቆለፊያ ሊያዞር ሞከረ፤ ጣቶቹ ብረቱን ይዘውታል፣ ነገር ግን አይታዘዙም። ሁለት ጊዜ አምልጦት ሦስተኛውን በጥርሱ ሊያዞረው ጎንበስ ሲል አየሁትና እጁን ያዝኩት። «ደህና ነኝ» ቢለኝም ቃሉ ተጎተተብኝ። ከዚያ ጠርዝ አርቀን እርጥቡን አውልቀን ደረቅ ልብስ አለበስነው፤ እጆቹን በብብቴ ሥር አድርጌ፣ ሌላው ጓደኛችን በስኳር የበዛ ትኩስ ሻይ በጥቂት በጥቂቱ እያጠጣው አርባ ደቂቃ ያህል ቆየን። ቆሞ የነበረው መንቀጥቀጥ ሲመለስለት ደስ አለን፤ በብርድ የተጎዳ ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ የባሰ ደረጃ ላይ ደርሷልና። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእያንዳንዱ ኩሬ በኋላ አውራ ጣታችንን ከትንሿ ጣት ጋር እያገናኘን እርስ በርስ እንተያያለን፤ ይህ ያቃተው ሰው ገመድ አይነካም።

ኒዮፕሪን ካገኛችሁ እጅግ መልካም ነው። ካላገኛችሁ ውሃ ያለበትን ገደል ትታችሁ ደረቁን ምረጡ፤ በዚህ ላይ ሌላ አስተያየት የለኝም። ጋቢና የጥጥ ልብስ ከረጠበ ውሃ አቁሮ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፤ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ሹራብ ግን እርጥብም ሆኖ የተወሰነ ሙቀት ይይዛል፣ እኔም ዛሬ ከውስጥ የምለብሰው እሱን ነው። ቅያሪ ልብስ በሁለት ፌስታል ታስሮ፣ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። በሶና ጭኮ ያዙ። አረቄ ግን አደራ አትያዙ፤ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ሰውየው የሞቀው እየመሰለው ሙቀቱን ያጣል።

ስለ ገመዱ ደግሞ ቪዲዮው የማያሳየውን አንድ ነገር ልንገርዎት። የመጨረሻው ሰው ወርዶ ገመዱ ከታች ከተሳበ በኋላ ወደ ላይ መመለስ የለም፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ወደ ታች ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ጤናማ መሆኑ፣ ቀጣዩ ገደል ገመዱ የሚበቃው መሆኑ፣ የቀረው ሰዓትም የሚበቃ መሆኑ የሚረጋገጠው ገመዱ ከመሳቡ በፊት ነው። የዩታው አሸዋ ድንጋይ አንድ ወጥና ለስላሳ ነው፤ የእኛ ሸለቆ አፋፍ ግን የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ሲሆን፣ የአሸዋና የኖራ ድንጋዩ የሚገኘው ከሥሩ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ጠንካራ መስሎ ይነቀላልና፣ ገመድ ከማሰራችሁ በፊት በመዶሻ መትታችሁ ድምፁን ስሙ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ አትመኑት። የራስ ቁር ከራሳችሁ አይውረድ። ጭላዳዎች ገደሉ ላይ አድረው ጠዋት ወደ ሜዳው ሲወጡ፣ ማታም ሲመለሱ ጠጠር ያንከባልላሉ፤ ከብት የሚጠብቁ ልጆችም ከታች ሰው መኖሩን ላያውቁ ይችላሉ።

ለዚህም ለሌላውም ሲባል ከመውረዳችሁ በፊት የአካባቢውን አባቶች አነጋግሩ። ብዙው ገደል ባለቤት አለው፤ የጸበል ቦታና የመናኞች በዓት ያለበትም ስላለ፣ ሳይጠይቁ መግባት ነውር ነው። ባለፈው ዓመት አንድ አዛውንት በትራቸውን ወደ ታች ዘርግተው «ሦስተኛው ኩሬ በሬ በልቷል» አሉን። ወርደን ስናየው ዙሪያው እንደ ማሰሮ የተሟለጨ፣ የገባ ሰው ያለ ረዳት የማይወጣበት ጉድጓድ ሆኖ ስላገኘነው፣ አንድ ሰው ከላይ ገመድ እንደያዘ ሌላውን አሳለፍን።

የቀኑ ርዝመት እኛን ይረዳናል፤ በታኅሣሥ በደቡብ ዩታ ብርሃን የሚቆየው 9 ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን፣ እኛ ጋ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ቢሆንም ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አፋፉ ላይ ተገኙ፤ የእጅ ባትሪም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ይኑር። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወርዱበት ገደል በጎኑ የፍየል መንገድ ያለውና ከሁለት በላይ የገመድ መውረጃ የሌለው ይሁን። አፋፉ ላይ ለሚቀረው ሰው የምትወጡበትን ቦታ አሳዩትና፣ እስከ 11 ሰዓት ካልታያችሁ የመንደሩን ሰው እንዲጠራ ንገሩት። ገመድ ከሌላችሁ የእኔን 60 ሜትር በውሰት እሰጣለሁ፤ ከመውረዳችሁ በፊት ባለው ቅዳሜ ግን ዝቅተኛ ገደል ላይ አብረን እንድንለማመድበት እፈልጋለሁ።