የታመመው ቅጠል በቺፑ ላይ ኔጌቲቭ ሲሆን

ጥያቄ፦ የቲማቲም ቅጠል ጨምቄ ሌት ብላይት የተባለውን በሽታ በማይክሮፍሉዲክ ቺፕ (ፈሳሽ በቀጫጭን ቦዮች በሚያልፍበት ትንሽ መመርመሪያ)፣ በላምፕ ዘዴ (ዲኤንኤን በአንድ ቋሚ ሙቀት በሚያባዛ ዘዴ) ለመለየት እየሞከርኩ ነው። ቦዩ ይደፈናል፣ ሲሞቅ አረፋ ይሞላዋል፣ በሽታው በዓይን ከሚታይበት ቅጠል እንኳ ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው። ንድፉን ልቀይር?

መልስ፦ ንድፉን ለጊዜው አይንኩት። ከሦስቱ ችግሮች ሁለቱ ናሙናው ቺፑ ጋ ሳይደርስ፣ ገና ሲጨመቅ የተፈጠሩ ይመስለኛል።

ከኔጌቲቩ ልጀምር፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። የተደፈነ ቦይ ወዲያው ያስታውቃል፣ ሐሰተኛ ኔጌቲቭ ግን ጤነኛ ማሳ መስሎ ያልፋል። የቅጠል ጭማቂ ፖሊፌኖልና ፖሊሳካራይድ የተባሉ ውህዶች ስላሉበት ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ኢንዛይም ሊያስተጓጉል ይችላል። ላምፕ ያልተጣራ ናሙናን ከፒሲአር (ሙቀት እያፈራረቀ ዲኤንኤ ከሚያባዛው የተለመደ ዘዴ) በተሻለ ይቋቋማል፣ ቢሆንም ልክ አለው። ስለዚህ አንዱን ጭማቂ ሳይበርዙት፣ 10 እጥፍ በርዘውና 100 እጥፍ በርዘው ጎን ለጎን ይሞክሩት። የተበረዘው ፖዘቲቭ፣ ያልተበረዘው ኔጌቲቭ ከሆነ ጥፋቱ የጭማቂው ነው። በመጨመቂያው ፈሳሽ ላይ ፒቪፒ የተባለ ፖሊመር መጨመር ፖሊፌኖሉን ለመያዝ ይረዳል። ከመጠን በላይ ግን አይበርዙ፤ ምልክት ገና ባላወጣ ቅጠል ውስጥ የበሽታው ዲኤንኤ ጥቂት ስለሆነ ብረዛው ራሱ ሊያጠፋብዎት ይችላል። ችግሩን የሚፈታውን ትንሹን ብረዛ ይምረጡ።

ሁሉም ኔጌቲቭ ከሆኑ የተጣራ የበሽታውን ዲኤንኤ በተራ ቱቦ ውስጥ ይሞክሩ። ቱቦው ካልሠራ ፕራይመሩን (ብዜቱ የሚጀምርበትን አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ወይም ኢንዛይሙን ይጠርጥሩ። ቱቦው ሠርቶ ቺፑ እምቢ ካለ ኢንዛይሙ ከግድግዳው ጋር እየተጣበቀ ሊሆን ይችላልና ቦዩን አስቀድመው ቢኤስኤ በተባለ ፕሮቲን ያጥቡት።

አንዱ የቺፑ ክፍል ደግሞ የተክሉን የራሱን ዘረ መል የሚያጎላ መቆጣጠሪያ ይሁን። እሱ ካልበራ ውጤቱን ኔጌቲቭ ብለው አይመዝግቡ፤ ምርመራው አልተካሄደም። እኔ ይህ የሌለውን ቺፕ ለማሳ ሥራ አልቀበልም።

ለመደፈኑ ማጣሪያ ይበቃል፣ ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። የሌት ብላይት ስፖራንጂየም (ስፖር የሚይዘው ከረጢት) ርዝመቱ ወደ 30 ማይክሮሜትር ስለሚጠጋ በ5 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ካጣሩት የሚፈልጉት ነገር ማጣሪያው ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ሕዋሱን ሰብረው ዲኤንኤውን ያውጡ፣ ከዚያ ያጣሩ።

አረፋው የሙቀቱ ሥራ ነው። ፈሳሹ ወደ 65 ዲግሪ ሲደርስ በውስጡ የሟሟው አየር ይወጣል፤ ቺፑ ፒዲኤምኤስ ከተባለ የሲሊኮን ጎማ ከተሠራ አየር በግድግዳውም ያልፋል። ኢንዛይሙን ከመጨመርዎ በፊት በፈሳሹ ውስጥ ያለውን አየር በቫኪዩም ያስወጡ፣ ከሞሉት በኋላ መግቢያና መውጫውን በማዕድን ዘይት ይዝጉ። በፕላዝማ (ኤሌክትሪክ በተሞላ ጋዝ) ያከሙትን ቺፕም አያቆዩት፤ ውሃ ወዳድነቱ እየቆየ ይጠፋል፣ ያኔ ፈሳሹ ማዕዘኖቹን ሳይሞላ አየር ይዞ ይቀራል።