ለልጆቼ፦ ከመቀየራችሁ በፊት ፈታችሁ እዩት

ልጆቼ፣

አጥቢያችን ዘንድሮ ከበሮ ለወጠ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የፋብሪካ መካኒክ ነኝ። ሞተርና ፓምፕ ስፈታ፣ ኩሽኔታ ስቀይር ነው ያረጀሁት። ከበሮ ሙያዬ አይደለም። የሰበካ ጉባኤ አባል ስለሆንኩ ግን «እርስዎ የጥገና ሰው ነዎት» ተብሎ ጉዳዩ እኔ ላይ ወደቀ። ከጥቅምት እስከ ፋሲካ አብሬው ከረምኩ። መሥሪያ ቤት ገብታችሁ «ይሄ አርጅቷል፣ ይቀየር» ማለት ለጀመራችሁት የሚሆን ነገር አገኘሁበትና ልጻፍላችሁ አልኩ።

ጎንደር ውስጥ ከበሮ ቀልድ አይደለም። የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ናት። በአታ ለማርያም የአቋቋም፣ ማለትም የማኅሌት ዜማና ንቅናቄ ትምህርት፣ ምስክር ቤት (ማስመስከሪያ) ስለሆነች ከየአገሩ ተማሪ ስንቁን ይዞ ይመጣባታል። ስለዚህ ከበሮ ሲሳሳት የሚያውቅ ጆሮ በየሰፈሩ አለ። ከማኅሌት ወጥታ ወደ ቅዳሜ ገበያ የምታልፍ እናት ሳትቀር «የግራው ከበሮ ምን ሆነ ዛሬ?» ትላችኋለች። የእኛም ግራ ከበሮ በማኅሌተ ጽጌ መሀል ድምፁ ወደቀ። ጽጌ፣ የእመቤታችን የአበባ ወቅት ማኅሌት፣ መስከረም 26 ገብቶ እስከ ኅዳር 5 ነው። በየሳምንቱ ሌሊቱን ሙሉ ይመታል። የደከመ ዕቃ የሚታወቀው ጭነት ሲበዛበት ነው።

ስብሰባው ላይ ሁለት ወገን ሆንን። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች «ጣሉትና አዲስ ይገዛ፣ እንዲያውም ብረት ይሁን፣ ቀላል ነው» አሉ። አዛውንቶቹ «አባቶቻችን የመቱበት ነው፣ አይነካም» አሉ። አንድ ቀልደኛ ደግሞ «በቃ ኦርጋን እንግዛና እንገላገል» አለ። ሁሉም ሳቀ፣ መሪጌታው ብቻ አልሳቁም። ማኅሌት የሚያውቀው መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ነው፣ ሌላ እንግዳ አይቀበልም። ለሁለት ሰዓት ያህል ተከራከርን። ከበሮው ግን ዕቃ ቤት ተቀምጧል። ከተከራካሪዎቹ አንድም ሰው ሄዶ አላየውም!

ይህን በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ አይቻለሁ መሰላችሁ። «ማሽኑ አርጅቷል» ይባላል። የቱ ክፍሉ? ዝም። «አርጅቷል» ማለት የምርመራ ውጤት አይደለም። ምሬት ነው። ከበሮም እንደ ማሽን ክፍል ክፍል አለው። ቆዳው አለ፣ ቆዳውን የሚወጥረው የቆዳ ገመድ፣ ጠፍሩ አለ፣ ማንገቻው አለ፣ አካሉ አለ። ቆዳና ጠፍር እንደ ኩሽኔታ ናቸው፤ እንዲያልቁ ነው የተሠሩት። አካሉ ግን በደንብ ከተያዘ የሰው ዕድሜ ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱንም ከበሮ አምጡልኝ አልኩ፣ የቀኙንም የግራውንም።

መሪጌታው አጠገቤ ተቀምጠው ፈታነው። ቀለሙ የለቀቀው ጨርቅ ተገለጠ። ከሥሩ እንጨቱ ላይ የዘይት ቆርቆሮ ቁራጭ ተለጥፏል። ዙሪያውን በትንንሽ ሚስማር ተመቷል፣ ጠርዙ በሰም ተደፍኗል። ሚስማሮቹ እኩል ተራርቀዋል፣ አንዱም አልጎበጠም። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። ግን የእጅ ሥራ ያለው ሰው ነበር። ችግሩ ስንጥቁ ከቆርቆሮው አልፎ ሄዷል። ወደ ጠባቡ አፍ ተጉዞ ከንፈሩን ከፍሎታል። ከንፈሩ ከተከፈለ ቆዳው እኩል አይወጠርም። በአንድ በኩል ስታጠብቁት በሌላ በኩል ይረግባል። ይህ አካል አብቅቶለታል። የቀኙ ከበሮ ግን ምንም አልሆነም፤ ቆዳው ብቻ ሳስቷል። ሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ እውነት ይዞ ነበር ማለት ነው። ያንን ያወቅነው ግን ከተፈታ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የሚመታውን ዲያቆን ጠየቅኩት። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባል የለ? ስብሰባው ላይ ካወራነው ሁሉ የሚበልጥ ነገር የነገረኝ እሱ ነው። አንደኛ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከበሮው እንደሚረግብ ነገረኝ። ሁለተኛ፣ ማንገቻው አንገቱን ስለሚቆርጠው ከበሮውን ወደ ሆዱ አስጠግቶ እንደሚይዝ፣ በዚህም የተነሳ ሰፊው ገጽ እንደሚታፈን ነገረኝ። ይህ ሁለተኛው በአዲስ ከበሮ የሚድን ነገር አይደለም፤ ሰፋ ያለ ማንገቻ ነው የሚፈልገው። እኛ ሙሉ ከበሮ ልንለውጥ ስንከራከር እሱ የማንገቻ ችግር ተሸክሞ ጽጌን ሙሉ ቆመ። ለምን አልተናገርክም ስለው «ማን ጠየቀኝ?» አለ።

የመጀመሪያው ግን የቆዳ ባሕርይ ነው። ጥሬ ቆዳ እርጥበት ይስባል። ሲርስ ይረግባል፣ ድምፁም ይወርዳል። ሲሞቅ ይወጠራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። በክረምት ከማኅሌት በፊት ከበሮውን ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር የሚያሞቁት ለዚህ ነው። የከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ ፋሲል መዋኛ ያደረ ከበሮ ጠዋት ላይ ድምፁ ሌላ ነው። ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይ አግኝቶ ይጮኻል። ቆዳው አዲስ ቢሆንም እርጥበት እስካለ ይረግባል። ያንን እያወቅን ነው መለወጥ ያለብን፣ አለዚያ አዲሱንም በዓመቱ «አረጀ» እንለዋለን።

አሁን ወደ ብረቱ ጉዳይ ልምጣ። ልጆቹ የተናገሩት ከንቱ አልነበረም። ብረት ይቀላል፣ በርካሽ ይገኛል፣ ፀሐይ አይሰነጥቀውም። በከተማው ብዙ ሰንበት ትምህርት ቤት ይጠቀምበታል። መስፈርቱን እኔ ብቻዬን ብጽፈው ኖሮ ክብደት፣ ልኬትና ዋጋ ብዬ እጨርስ ነበር። መሪጌታው ግን ሌላ መስፈርት ነበራቸው። ሰፊው ገጽ የመለኮት ምሳሌ ነው፣ ጠባቡ የትስብእት፣ ማለትም የሰውነቱ። ጨርቁ ጌታ የለበሰው ከለሜዳ ነው። ጠፍሩ በጀርባው ላይ የወጣው የግርፋት ሰንበር ነው። ማንገቻው የታሰረበት ገመድ ነው። ጠፍሩን አውጥታችሁ በቡሎን ብትወጥሩት ድምፅ ይሰጣል፤ ግን ካህኑ ለሕፃናት ሲያስተምሩ የሚጠቁሙት ነገር ይጠፋል። እናንተም አንድ ቀን የግዥ መስፈርት ትጽፋላችሁ። ዕቃው ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን በሰዎቹ ዘንድ ምን እንደሆነ ጠይቁ። ልጆቹ ይህንን ሲሰሙ ክርክሩ ራሱ በረደ። እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም አላስተማራቸውም ነበር፣ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

እንጨት ተባለ። እንጨት ሲባል ዋንዛ ነው። ዋንዛ ደግሞ እንደ ድሮው ጫካ ገብታችሁ የምትቆርጡት ዛፍ አይደለም። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። የእኛ ከአንድ ገበሬ ማሳ ዳር ከወደቀ ዛፍ የተገኘ ነው፣ ግንዱም ከርሞ የደረቀ ነበር። መድረቁ ላይ ድርቅ ብዬ ተከራከርኩ። እርጥብ ግንድ ስትቦረቡሩት ጫፎቹ ከመሀሉ ቀድመው ይደርቃሉ፣ ሲደርቁ ይሸማቀቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። አንድ ጎረቤት አጥቢያ ከነጋዴ የተዘጋጀ ከበሮ ገዝቶ፣ ቀለሙ የሚያምር፣ በጋ ሲገባ እንደ ደረቅ ዳቦ ተከፈለባቸው። በችኮላ እርጥብ እንጨት የሸጠላቸው ሰው ስልኩንም አላነሳም።

የቆዳውን ሥራ ቁጭ ብዬ ተመለከትኩ። የበሬ ቆዳ ነው። ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ጸጉሩና ሥጋው ይፋቃል። እርጥቡን አፉ ላይ ይደፉትና ከሰፊው ወደ ጠባቡ፣ ከጠባቡ ወደ ሰፊው በጠፍር ያያይዙታል። ከበሮ ሠሪው በአንድ ጊዜ አያጠብቀውም። ዙሩን ጨርሶ ይመለሳል፣ ትንሽ ይስባል፣ ደግሞ ይመለሳል። በየዙሩ በጣቱ ጫፍ ጠርዙን መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል። አንዱ ቦታ ከሌላው ከቀጠነ እዚያ ያላላል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፀሐይ ላይ ቢጣድ ውጭው ቀድሞ ይደርቅና ቆዳው ይጣመማል። እኔ መሣሪያ ይዤ የምለካውን እሱ በጣት ጨረሰው።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። በአገራችን ቆዳ የሚሠራ ሰው ምን ተብሎ ሲሰደብ እንደኖረ ታውቃላችሁ። ልጅ አንድርለትም፣ አብረነው አንበላም ይባል ነበር። እሱ የፋቀውን ቆዳ ግን ቅኔ ማኅሌት ይዘን ገብተን በጌታ ሰንበር እንመስለዋለን። ይህ ነገር ሰው ያደርጋችሁ እንደሆነ አስቡበት። ሠሪውን ለፋሲካ ሌሊት ጋበዝነው፣ መጣም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ምዕመናን ሰጡ፣ ስእለት ገባ። አስቂኙ ነገር ሒሳብ ሹማችን ሦስት ፕሮፎርማ ካልመጣ አልከፍልም ማለታቸው ነው። ከበሮ ሠሪ ፕሮፎርማ ከየት ያመጣል? መጨረሻ በቃለ ጉባኤ ተወስኖ፣ ምስክር ፈርሞ፣ ሠሪው አሻራውን አድርጎ ተከፈለው። ሒሳብ ሹሙን ግን አላማኋቸውም። የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ሲሆን የሚያስቸግር ሰው ቢኖር ይሻላል። አንድ ባለሀብት ሙሉ ወጪውን ልሸፍን፣ ስሜ ይጻፍበት ብለው ነበር። አስተዳዳሪው አመስግነው፣ እንደ ማንኛውም ሰው ደረሰኝ ቆረጡላቸው።

ጊዜውን ዐቢይ ጾም ላይ ማድረጋችን ግን ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር ነው። በ55ቱ ቀን ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ የጾሙ ዜማ፣ ጾመ ድጓው፣ በመቋሚያ በዝማሜ ነው የሚባለው። ወሩ ደግሞ በጋ ነው፣ ቆዳ በደንብ ይደርቃል። ሥራ ሳይቆም ማሽን መፍታት የፋብሪካ ሰው ሕልም ነው። አባቶች ዕረፍቱን ለሌላ ምክንያት ሠርተውት እኛ ለጥገና ተጠቀምንበት። እናንተም አሮጌውን ከመፍታታችሁ በፊት የቤቱን የሥራ ወራት እወቁ። የደመወዝ ሳምንት ላይ ሲስተም የሚቀይር ወጣት አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ስሙ በክፉ ይነሳል።

ሙከራው ሠሪው ግቢ ሆነ። መሪጌታው «ለመሞከር መንካት ማኅሌት አይደለም» ብለው ፈቀዱ። ሁለቱም ከበሮ ጎን ለጎን ቆመ። ቀኙም በዚያው ጊዜ ቆዳው ተለውጦ ነበር፣ ይህን እኔ ነኝ ያስወሰንኩት። ምክንያቱም ቀኝና ግራ ሲመላለሱ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ቆዳ ከሆነ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስላሉ። ዲያቆኑ በዝግተኛው አመታት፣ በመረግድ ጀመረ። ወደ ፈጣኑ፣ ወደ ጽፋት ሲደርስ፣ የጠባቡ ገጽ ድምፅ ተጣበቀ። ሠሪው ጠፍሩን በሁለት ቦታ ላላ አደረገው። እንደገና። አሁን ሰፊው ደረት ውስጥ ይገባል፣ ጠባቡ ጥርት አለ። መሪጌታው ምንም አላሉም፣ መቋሚያቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ። እሳቸው ከዚህ በላይ አያመሰግኑም።

ያም ሆኖ አሮጌውን አልጣልንም። መልሰን ጠፍረነው ለፋሲካ ሌሊት ዕቃ ቤት በር አጠገብ አስቀመጥነው። አዲሱ እንቢ ቢል ስንጥቅም ቢሆን ይመታል። አዲሱ ግን ሌሊቱን ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ አሮጌው በንዋያተ ቅድሳት መዝገብ ተመዝግቦ፣ ከነቆርቆሮ ጥፍጥፉ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ደረቅ ቦታ ተቀምጧል። አንድ አስጎብኚ ነኝ ባይ ጥሩ ዋጋ ይዞ መጥቶ ነበር፣ ሸኘነው። ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ በ1992 የወጣ አዋጅ አለ። አዋጁም ባይኖር አንሸጠውም ነበር። አንድ ቀን ከእናንተ አንዱ ያንን የሚስማር አመታት አይቶ ይማርበታል።

የቀረው ነገር ተንከባካቢው ነው። አሁን ጠፍር ማጥበቅ የሚያውቀው ከአጥቢያችን ዲያቆኑ ብቻ ነው፣ እሱም ወደ በአታ ለምስክር ሊሄድ ነው። ክረምት ሳይገባ ሁለት ልጆች መማር አለባቸው። ሠሪው ሰኔ ላይ መጥቶ ሊያሳይ ተስማምቷል፣ አበሉንም አስወስነናል። የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ መሆን ግዴታ አይደለም። የሚፈልግ ከቅዳሴ በኋላ ዕቃ ቤት ጋ ይጠይቀኝ፤ ጥፍሩን ቆርጦ ይምጣ፣ እርጥብ ቆዳ ጥፍር ሥር ከገባ ሽታው ሳምንት አይለቅም።