ከአደጋ በኋላ ቤተ እምነቶች እንዴት ይረዳሉ? ባለመጋዘኑን ጠይቁ

ባለመጋዘኑ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሰሞን ስለ ጎፋው የመሬት ናዳ ከጻፍኩ ወዲህ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ትጠይቁኛላችሁ። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ይሻላል። በአንዲት ቤተ ክርስቲያን የልማትና ተራድኦ ክፍል 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በመጋዘንና በእህል ዕደላ። የማውቀው እሱን ነው። ከወዲሁ አንድ ነገር፦ ልብስ አትላኩ። ገንዘብ ላኩ።

ተማሪ 17፦ ጋሼ፣ እስቲ ስለ እርዳታ ሥራ ያብራሩልን።

ባለመጋዘኑ፦ ምኑን ላብራራ? አጥብበህ ጠይቅ፣ እመልስልሃለሁ።

የሳውላ ልጅ፦ ጋሼ፣ እኔ የዚያው አካባቢ ሰው ነኝ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ ድርጅቶቹ የት ነበሩ? የቤተ ክርስቲያንም ቢሆኑ ማለቴ ነው።

ባለመጋዘኑ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ጥያቄህ ተገቢ ነው። በእንዲህ ያለ አደጋ ቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ ድርጅት አይደለም። እዚያም የሆነው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጣ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ሄደ፤ ሁለተኛው ናዳ በእነሱ ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹም ሊረዱ የሮጡ ነበሩ። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ ማሽን እንደልብ አይገባም፤ ሰው በአካፋና በእጁ ነበር የሚቆፍረው። ይህን የምነግርህ ለማስጠንቀቅም ነው፦ ዝናብ በጠገበ ተዳፋት ሥር ስትቆፍሩ ከላይ ስንጥቅ የሚያይና የሚጮህ ሰው አቁሙ። ሁሉም ሰው አንድ ላይ አይግባ።

የእኛ ዓይነቱ ድርጅት ጥቅሙ ሌላ ነው። ቄሱ፣ ወንጌላዊው፣ ሼኩ ከአደጋው በፊትም እዚያው ነበሩ። በየትኛው ቤት ስንት ሰው ያድር እንደነበር፣ የትኛዋ እናት ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የትኛው ልጅ የማን ወንድም እንደሆነ ያውቃሉ። ከአዲስ አበባ ላንድክሩዘር ይዞ የመጣ ባለሙያ ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚተከለው ድንኳን የዕድር ድንኳን ነው፣ መጀመሪያ የሚጣደው ድስትም የዕድር ድስት። እኛ ስንደርስ እሱን ማገዝ እንጂ መተካት የለብንም።

ከዴንቨር፦ ጋሼ፣ እኛ እዚህ ደብራችን ውስጥ 40 ማዳበሪያ ልብስ ሰብስበናል። ብዙው አዲስ ነው። በኮንቴነር እንላከው?

ባለመጋዘኑ፦ አይሆንም። ልፋታችሁን አከብራለሁ፣ ግን አይሆንም። እኔ ራሴ የተረከብኩትን ልንገርሽ። ከውጭ አንድ ኮንቴነር መጣ፤ ሰነዱ ስላልተሟላ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲቆም ሲቆም የመጋዘን ኪራይና ዲመሬጅ (ኮንቴነሩ በመዘግየቱ የሚከፈል ቅጣት) ተደራረበበት። በስንት ደጅ ጥናት ተለቀቀ። ስንከፍተው በጥጥ የተሞላ የበረዶ ካፖርት። ዕደላው ቆላ ነው፤ ሰው በጠራራ ፀሐይ ጥላ ፍለጋ ግራር ሥር ተኮልኩሏል። ካፖርቱን ማንም አልለበሰው፤ መሬት ላይ አንጥፈው ልጅ አስተኙበት። ለኮንቴነሩ በወጣው ገንዘብ እዚያው ገበያ ላይ ብርድ ልብስ፣ ጀሪካንና ሳሙና ይገዛ ነበር፤ የአገሩ ነጋዴም ይጠቀም ነበር። ያን 40 ማዳበሪያ እዚያው አገራችሁ ሽጡና ገንዘቡን ላኩ።

ከሪያድ፦ እውነት ነው። እኛ ሴቶች ተሰባስበን በወር በወር እናዋጣለን፣ ለአገር ቤቱ ኮሚቴ በባንክ እንልካለን። ደረሰኝ ፎቶ አንስተው ይልኩልናል። ዲያስፖራው ፎቶ ለመነሳት ነው ልብስ የሚሰበስበው።

ከዴንቨር፦ እህቴ፣ እኛ ለፎቶ አይደለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ ስናጣጥፍ ነበር።

ባለመጋዘኑ፦ ይብቃ። ሁለታችሁም ከላባችሁ ነው የምትሰጡት። ወደ ጥያቄው።

ከድሬ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ቀጥታ ልጠይቅ። የቤተ ክርስቲያን እህል ለሙስሊሙ እኩል ይደርሳል?

ባለመጋዘኑ፦ ወአለይኩም ሰላም። መድረስ አለበት፣ ካልደረሰ ወንጀል ነው። የቀይ መስቀልና የረድኤት ድርጅቶች በ1994 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ አለ፤ እርዳታ በችግር ብቻ ይመዘናል፣ እርዳታን ለሃይማኖት ወይም ለፖለቲካ አቋም ማራመጃ ማድረግ አይቻልም ይላል። ደንቡ ባይኖርም ሳምራዊው ሃይማኖቱን አልጠየቀም።

የቃሉ ምስክር፦ ይቅርታ ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም። ሰው እንጀራ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። ቃሉን መናገር ምን ኃጢአት አለው?

ከድሬ፦ ልጁ የተራበበት አባት እህሉን በእጅህ ይዘህ ስትሰብከው «እምቢ» ማለት ይችላል እንዴ?

የቃሉ ምስክር፦ ማንም አላስገደደም። እናንተስ በዘካ…

ባለመጋዘኑ፦ እዚህ ላይ አቁሙ። ወንድሜ፣ ስብከትህን እሑድ በቤተ ክርስቲያንህ ስበክ፣ እኔም እመጣለሁ። ዕደላ ቦታ ላይ ግን ሰልፍ የያዘን ሰው አትስበክ። እኔ የነበርኩበት አንድ ወረዳ ላይ የዕደላ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ የመስጊዱ ኢማም ነበሩ። ከእሳቸው በላይ እህሉን የጠበቀልኝ ሰው የለም። ይህን ክርክር ከዚህ በኋላ አልመልስም።

ሰላም ከአዳማ፦ ጋሽዬ፣ ተረጂው የሚመረጠው እንዴት ነው? ሁሌ የካድሬ ዘመድ ነው የሚባለው።

ባለመጋዘኑ፦ ተባረኪ፣ ይህን የሚጠይቅ ስጠብቅ ነበር። የሥራው ልብ ምልመላ ነው። እህል አጥተን አይደለም ብዙ ጊዜ የተበላሸነው፤ ዝርዝሩ ጓዳ ውስጥ ተጽፎ ነው። በ2015 ዓ.ም. የአሜሪካ ተራድኦና የዓለም ምግብ ፕሮግራም «እህሉ ለታለመለት አልደረሰም» ብለው በመላ አገሪቱ ዕደላ ሲያቆሙ፣ ለወራት ጾሙን ያደረው የሰረቀው ሰው አልነበረም።

ትክክለኛው አሠራር ይኸውላችሁ። የጎጥ ኮሚቴ ይመረጣል፤ ሴቶች ይኑሩበት፣ ሽማግሌ ይኑርበት፣ የቀበሌ ሹም ብቻውን አይጻፍ። ዝርዝሩ በወረቀት ይለጠፋል። መለጠፍ ግን አይበቃም፣ ማንበብ የማይችል አለና። ሕዝብ በተሰበሰበበት ስም በስም ጮክ ተብሎ ይነበባል። ያን ጊዜ ታያላችሁ፦ «እሱማ ሁለት በሬ አለው!» ይላል አንዱ፤ «እገሊት የት ሄደች? አልጋ ላይ ናት እኮ» ትላለች ሌላዋ። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ጭቅጭቅ አለው። ግን ያ ጭቅጭቅ ከየትኛውም ኦዲተር ይሻላል። እንዲህ ያላነበበ ድርጅት፣ የፈለገ መስቀል በመኪናው ላይ ይለጥፍ፣ አልረዳም።

ሰላም ከአዳማ፦ ከተነበበ በኋላስ አይሰረቅም?

ባለመጋዘኑ፦ ይሰረቃል፤ ስፍር ላይ። በእኛ ዕደላ የአንድ ሰው የወር ራሽን 15 ኪሎ ስንዴ፣ 1.5 ኪሎ ክክና ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ዘይት ነበር። ከረጢቱ 50 ኪሎ ስለሆነ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ብለህ ስትሰፍር እህል ይፈሳል፣ ቁና ይዛባል። ስለዚህ አሥር አሥር ሰው እናቧድን ነበር፦ 150 ኪሎ፣ ልክ ሦስት ከረጢት። አፉ ሳይፈታ ይረከቡና እርስ በርስ ይካፈሉ ነበር። የ4 ሊትሩ የዘይት ጣሳም ለስምንት ሰው ይሆን ነበር።

ይህን ያስተማሩኝ አንዲት አሮጊት ናቸው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በጣሳ እንሰፍር ነበር። እማማ ተራቸው ሲደርስ ጣሳውን ከሰፋሪው እጅ ወስደው ገለበጡትና ቂጡን በአውራ ጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ወደ ውስጥ ተደፍጥጧል። ምንም አልተናገሩም፤ ወደ እኔ ዞረው ጣሳውን አስጨበጡኝ። ከጠዋት ጀምሮ ስንት ሰው በዚያ ጣሳ ተሰፍሮለት እንደሄደ ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ቢኒ፦ ከ100 ብር ስንቱ ነው ለተረጂው የሚደርሰው?

ባለመጋዘኑ፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የምትሰጠውን ድርጅት ሪፖርት ጠይቅ። የማይሰጥህ ከሆነ አትስጠው።

ተጓዥ፦ ጋሼ፣ የአዋሽ ፈንታሌው ርዕደ መሬት ይቀጥላል ወይ?

ባለመጋዘኑ፦ እሱን የሥነ ምድር ባለሙያ ጠይቅ። ለተፈናቃይ መጠለያ ከሆነ ጥያቄህ፣ ዓለም አቀፉ የእርዳታ መስፈርት ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር፣ በቀን 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ነው። መጸዳጃውን ከድንኳኑ እኩል ቆፍሩ፤ ኮሌራ ድንኳን ተከላ እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ኤልያስ ኬ፦ ለመርዳት ልብስ መላክ ይቻላል?

ባለመጋዘኑ፦ ከላይ ሁለት ጊዜ ተናግሬአለሁ። አይቻልም። ገንዘብ።

የያቤሎ ሰው፦ ቦረና ላይ አምስት ወቅት ተከታታይ ዝናብ ሲቀር እህል መጣ፤ ከብቱ ግን አለቀ። ከከብቱ በኋላ የሚመጣ እህል ለእኛ ምን ይሠራል?

ባለመጋዘኑ፦ ልክ ነህ፣ በዚህ ብዙ ድርጅት ጥፋተኛ ነው፣ እኛንም ጨምሮ። አርብቶ አደር ዘንድ እርዳታ ከመኖ ይጀምራል። ሁሉን ከብት ማትረፍ አይቻልም፤ ከየቤቱ የሚወልዱ ሁለት ሦስት ላሞች ተመርጠው መኖና ውሃ ይቀርብላቸዋል። ደካማው ከብት ሳይሞት በደህና ዋጋ ይገዛና ታርዶ ሥጋው ለችግረኛ ይታደላል። ባለከብቱ ብር ያገኛል፣ ችግረኛው ሥጋ ያገኛል። ይህ ግን ከብቱ መቆም ሳይችል በፊት መሆን አለበት። ከብት ከሞተ በኋላ መተካት እጅግ ይወደዳል፣ የመጣውም ከብት ከሌላ አገር ስለሆነ በሽታውን አይችልም። ገበሬም ዘንድ እንዲሁ ነው፦ ዘሩን በልቶታል። ስንዴ ሰጥተኸው በልግ ሲደርስ ዘር ካልሰጠኸው በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ሰልፍ ላይ ታገኘዋለህ።

ሥራ ፈላጊ፦ ጋሼ፣ ድርጅታችሁ ይቀጥራል?

ባለመጋዘኑ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ።

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ረፍዶብኝ ነው። እናቴ ተፈናቃይ ናት፣ ከልጅ ልጆቿ ጋር አራት ናቸው። ባለፈው ወር ዝርዝሩ ላይ ስሟ የለም ብለው መለሷት። እኔ ቤይሩት ነኝ፣ ምን ላድርግላት?

ባለመጋዘኑ፦ ልጄ፣ አልረፈደብሽም። በየዕደላው ጣቢያ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ መኖር አለበት፤ መልሶ የሰደዳት ሰው ዘንድ ደግማ አትሂድ። የሚያውቋት ሁለት ጎረቤትና አንድ የሃይማኖት አባት ይዛ ትሂድ፣ አራቱም ሰው በስም ይመዝገቡላት። ቅሬታዋን የተቀበለውን ሰው ስምና ቀኑን በወረቀት ታጽፍ፣ ወረቀቱን ፎቶ አስነሥታ ትላክልሽ። ከሚቀጥለው ዕደላ በፊት መልስ ካልሰጧት የወረዳውን የአደጋ ስጋት ጽሕፈት ቤት በዚያው ወረቀት ትጠይቅ። ከልጆቹ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ካለ ደግሞ ዝርዝሩን ሳትጠብቅ ነገውኑ ጤና ኬላ ወስዳ ክንዱን ታስለካው፤ ስድስት ወር የሞላው ሆኖ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፣ ሕክምናው የራሽን ዝርዝር አይጠይቅም። ቀበሌዋን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ እዚያ የሚሠራ የማውቀው ሰው ካለ ጠዋት እደውላለሁ።