አንባቢ ይጠይቃል፦ ዶላሩ ድሮም በጥቁር ገበያ ዋጋ ከነበረ ወረቀቴ ለምን ተወደደ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አራት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። በፊት ፒያሳ ነበርኩ። ዶላር በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት ወረቀት የሚያስረክበኝ ነጋዴ «እኔ ዶላሩን የማገኘው በጥቁር ገበያ ዋጋ ነው» እያለ ነበር የሚያስከፍለኝ። ታዲያ የባንኩ ዋጋ ወደ ጥቁር ገበያው ሲጠጋ ለእሱ ምን ተለወጠበት? ለምን በእሽግ ወረቀቱ ላይ እንደገና ጨመረብኝ? በዜና ደግሞ የዋጋ ንረት ቀነሰ ይባላል። የቀጠርኳቸው ሁለት ልጆች ደመወዝ ጨምሪልን ይሉኛል። ማንን ልመን?
ወ/ሮ ት.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ ነጋዴዎ አልዋሸዎትም፤ የነገረዎት ግን ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ ለማስረዳት ከመዝገቡ ልጀምር።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፒያሳ በሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወጣ ጀማሪ ጸሐፊ ነበርኩ፤ በጥቅምት 2010 የብር ዋጋ በ15 በመቶ ሲቀነስ ክፍሉን የምመራው እኔ ነበርኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ዶላር የሚጠይቁ አስመጪዎች የሚመዘገቡበት፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ነበር። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የአመልካች ስም፣ የዕቃው ዓይነት፣ የተጠየቀው ዶላር፤ መጨረሻ ላይ «አስተያየት» የምትባል ጠባብ ዓምድ። የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ፖሊሲ በተግባር የሚወሰነው እዚያች ጠባብ ዓምድ ላይ ነበር።

ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ማዳበሪያና የፋብሪካ ግብዓት በመመሪያ ቅድሚያ ነበራቸው። ይህን አልቃወምም። ወረቀት ከኋላ ነው። አንድ ረጋ ያሉ ወረቀት አስመጪ ከዓመት በላይ በየማክሰኞው እየመጡ ተራቸውን ያዩ ነበር። ጣታቸውን ስማቸው ላይ አሳርፈው ከእሳቸው በላይ ያልተፈቀደላቸውን ወደ ላይ ይቆጥራሉ። አንዳንድ ሳምንት ቁጥሩ ካለበት አይነቃነቅም፤ ከበላይ ስልክ ተደውሎ፣ ከእሳቸው በኋላ ያመለከተ ሰው ቀድሞ ስለተስተናገደ። በዚያች ዓምድ ላይ «በትእዛዝ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ስለዚህ በባንክ 57 ብር ይባል የነበረው ዶላር የእኚህ ሰው ዋጋ አልነበረም። ከባንክ የጎደላቸውን ከመንገድ ከ110 ብር በላይ እየገዙ ነበር የሚሞሉት። የሁለቱን ዋጋ ልዩነት ኪሱ የሚከተው ስልክ የሚደወልለት ሰው ነው። መዝገቡን ያየ ሰው ያንን ሥርዓት ሊናፍቅ አይችልም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለባንኮችና ለደንበኞቻቸው ድርድር ለቀቀው። በዚያው ቀን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ለአራት ዓመት የሚሆን የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። የቀኑ መገጣጠም በአጋጣሚ አይደለም፤ ያለ አንዱ ሌላው አይመጣም ነበር። ከዚያ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2016፣ አገራችን በ2007 ዓ.ም. ለሸጠችው የአንድ ቢሊዮን ዶላር የብድር ሰነድ (ቦንድ) የሚከፈለውን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። እንዲህ የተያዘ መንግሥት ብዙ አማራጭ የለውም። ዶላሩ በዓመቱ 130 ብርን አለፈ።

አሁን ወደ ወረቀትዎ ልምጣ። ጉምሩክ ቀረጥና ታክስ የሚያሰላው በመንገድ ዋጋ ሳይሆን በባንክ ተመን ነው። 1,000 ዶላር የሚያወጣ ወረቀት በ57 ብር ሲመነዘር 57,000 ብር ነው። 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ብቻ ብንወስድ 8,550 ብር ይሆናል። ተመኑ 130 ሲገባ ያው ወረቀት 130,000 ብር ተብሎ የጉምሩክ ሰነዱ ላይ ይሰፍራል፤ ታክሱም 19,500 ብር። የጉምሩክ ቀረጡም ሆነ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ በተጨማሪ የሚጣለው ሱር ታክስ በዚሁ መንገድ ያድጋል። ነጋዴዎ ለዶላሩ ድሮም ውድ ዋጋ ይከፍል ነበር፤ ለመንግሥት የሚከፍለው ግን በርካሹ ዶላር ነበር የሚሰላለት። የተለወጠበት ይህ ነው። ከጅቡቲ የሚያመጣው መኪናም አለ፤ በመስከረም 2017 መጨረሻ በሊትር 90.28 ብር የገባው ናፍጣ ከሦስት ወር በኋላ 98.98 ብር ሆኗል፤ ከዚያም በኋላ አልቆመም።

አንድ ነገር ግን ይጠይቁት፦ ይህ ወረቀት መቼ ነው የገባው? ከሐምሌ በፊት ቀረጡ ተከፍሎ መጋዘን የገባ ወረቀት ላይ በአዲሱ ስሌት መጨመር አግባብ አልነበረም። በነሐሴ 2016 እንዲህ አድርጋችኋል ተብለው ብዙ ሱቆች ታሽገው ነበር። ማሸጉ ወረቀት አላረከሰም፤ ዕቃውን ከመደርደሪያ አነሳው እንጂ።

ስለ ዜናው ደግሞ፤ ባለፈው ዓመት አንድ ደርዘን ደብተር ከ400 ወደ 520 ብር ወጣ እንበል። ይህ የ30 በመቶ ንረት ነው። ዘንድሮ 572 ከገባ ንረቱ 10 በመቶ ነው። «ቀነሰ» የሚሉት ይህንን ነው። ውሸት አይደለም፤ 400 ብሩ ግን አልተመለሰም። ባለሥልጣናት ይህን ቃል ሲናገሩ ልዩነቱን አብረው ቢያስረዱ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰው የሚሰማው ዋጋ ወረደ ማለታቸው እየመሰለው ነው።

ለልጆቹስ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው። መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ዝቅተኛውን የወር ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር አድርሷል። ከሐምሌ 2017 ወዲህም እስከ 2,000 ብር ያለ ገቢ ከግብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በፊት 600 ብር ነበር። የእርስዎ ልጆች ግን የመንግሥት ሠራተኞች አይደሉም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፤ ቃሉ ከተሰጠ ዓመታት አልፈዋል። ዶላሩ ግን በአንድ ሰኞ ጠዋት ተለቀቀ። በአንድ እሽግ ወረቀት ላይ ከእጥፍ በላይ ታክስ የሚሰበስብ መንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ መወሰን አልቻልኩም ሊል አይገባም። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚውል ልጅ ዳቦ የሚገዛው ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጋር ከአንድ ሱቅ ነው። እርስዎም ከቻሉ ቢያንስ የትራንስፖርታቸውን ይጨምሩላቸው።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ቁጠባዬ ባንክ ነው፤ 7 በመቶ ወለድ ያስብልኛል። ልተወው?
አቶ መ.፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ጋሽዬ፣ 7 በመቶ ብሔራዊ ባንክ ያስቀመጠው ዝቅተኛው ወለድ ነው፤ ባንክዎ ከዚያ በላይ እንዳይከፍል የሚከለክለው የለም። ለረጅም ጊዜ የማያነሱትን ገንዘብ ለይተው በጊዜ ገደብ ለማስቀመጥ ይደራደሩ። በ2014 ዓ.ም. ንረቱ 30 በመቶን ሲያልፍ በ7 በመቶ የተቀመጠ ገንዘብ ቀልጧል፤ ዝም ብለው አይተዉት። ለሕክምና የሚሆንዎትን ግን ከተራው ቁጠባ አያውጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከውጭ በየወሩ 200 ዶላር ትልክልኛለች። ሰዎች ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በጥቁር ገበያ መንዝሪ ይሉኛል።
እማማ ዘ.፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ እማማ፣ እዚያ የሚጠሩልዎ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ሕገ ወጥ ነው፣ ሐሰተኛ ኖት ቢሰጥዎም ሆነ ገንዘቡ ቢወረስ አቤት የሚሉበት የለም። ይልቅ አንድ ነገር ያድርጉ። ባንኮች አሁን የሚገዙበትን ዋጋ እያንዳንዳቸው ይለጥፋሉ፤ አንድ ዓይነትም አይደለም። በአንድ ዶላር የሁለት ብር ልዩነት ቢኖር በ200 ዶላር 400 ብር ነው። ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ሰንጋ ተራ የብዙዎቹ ዋና መሥሪያ ቤት በእግር ይደረሳል። የልጅ ልጅዎን ይዘው አንድ ጠዋት ሦስቱን ይጠይቁ፤ የተሻለውን ለልጅዎ ይንገሯትና በዚያ በኩል ትላክ።